ገመድ የለመደ እጅ

ወረቀቱ ተለጥፏል ማቀዝቀዣው በር ላይ፣
ከዓሣዋ ማግኔት ሥር፣ ከመብራት ሒሳብ በላይ።
"ሁለት ፒጃማ" ይላል፣ "ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣
የክትባት ካርድ፣ የምትወደው አሻንጉሊት አንድ ብቻ"፤ እና
ከሁሉም ሥር፣ በወፍራም ቀለም፦ "ጸጉሯ ይጎንጎን፣
ብረት የሌለው፣ ጠበቅ ያለ፣ ከቆቡ የማይወጣ ይሁን።"

ኖልፋ አነበበችልኝ። ሳቀች። ከዚያ እጄን አየችው።
እሷ አትመጣም። ፋብሪካው ፈቃድ የሰጣት ለዐርብ ነው፤
እስከዚያ ሳልሞን ታጥባለች። አልጋው አጠገብ የሚፈቀደው
አንድ ወላጅ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ፤
ጀልባ ጠጋኝ፣ ቅጥራን የበላው ጥፍር ያለኝ፣
ገመድ እንጂ ጸጉር ጎንጉኖ የማያውቅ፣
ልጅ ሲያለቅስ ለእናቱ አቀብሎ፣ ሲስቅ አብሮ የሚስቅ።

ሐኪሙ ሥሎልኛል፦ ሁለት ባቄላ፣ ሁለት ክር፣ አንድ ከረጢት።
ቁልቁል መውረድ ሲገባው ሽንቷ ሽቅብ ይመለሳል ወደ ኩላሊት።
ገባኝ። እዚህ ቺሎዌ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል፤
ሲጎድል ጀልባ እጠግናለሁ፣ ሲሞላ መሣሪያዬ ይሰበሰባል።
ሙላት ያለ ሰዓቱ በልጄ ወገብ ሲወጣ፣
ትኩሳት ይሆናል እንጂ ዓሣ ይዞ አይመጣ።

ለአውሪስቴላ ላስረዳት ሞከርኩ። ስድስት ዓመቷ ነው።
"ጀልባ ሲያፈስ የብስ ወጥቶ፣ ጎኑ ተከፍቶ ነው የሚጠገነው።"
እሷ አንድ ዓይኑ የጠፋውን የሱፍ በጓን ገልብጣ፣
ሆዱ ላይ ልታሰምር ቀይ እስክሪብቶ መርጣ፣
"ጀልባ አይደለሁም" አለችኝ፤ "ጀልባኮ አያመውም።
ደግሞ ሲያስተኙኝ የት ነው የምሄደው? አንተስ ትገባለህ?"
"እስከ በሩ" አልኩ። ከበሩ ወዲያ ያለውን አላውቀውም።

ማታ ማታ ኖልፋ ስትመለስ፣ እጇ ክሎሪን እየሸተተ፣
ሦስት ክንድ ገመድ ከወንበር እግር ታስሮ ተጎተተ።
"ግራውን በመሃሉ ላይ። ቀኙን በመሃሉ። አትፍጠን።
መርከብ እያሰርክ አይደለም፤ ልጅቷን እንዳታሳምምብን።"
በመጀመሪያው ሌሊት የሠራሁት መልሕቅ ያቆማል፤
በሁለተኛው ላላ፤ በሦስተኛው ዐይታ "ይሁን" አለች፣ "ያልፋል።"

"ከእኩለ ሌሊት ወዲያ" ይላል ወረቀቱ፣ "እህል ውሃ በአፏ አይዙር።"
ድንቹን ደገመች፤ ወተቱን ጨለጠች፤ ቅበላ አስመሰለችው ምድጃው ዳር።
እኔም አብሬያት ጾምኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ወረቀቱም አላዘዘም።
ጎረቤቴ ኤሊየሰር ቢሰማ "ምን ይረባታል?" ይል ነበር። አይረባትም።
ግን አንድ ቤት ውስጥ አንዱ እየጠማው ሌላው ማንቆርቆሪያ ማንሣቱ
ነውር መሰለኝ።
ረዘመ ሌሊቱ።

ንጋት ላይ የቻካዎን ባሕር ስንሻገር፣ ዝናብ ከጎን እየመታን፣
በጉልበቶቼ መሃል አስቀመጥኳት፤ ነፋስ ጸጉሯን እየበተነብን።
ግራውን በመሃሉ። ቀኙን በመሃሉ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል።
አንዲት አሮጊት የነጭ ሽንኩርት ጆንያ አቅፈው ያዩናል።
ምንም አላሉም። ሲያልቅ ግን ከሹራባቸው ክር በጥሰው አቀበሉኝ፤
ብረት የለውም። ጫፉን አሰርኩበት። እጆቼ ታዘዙኝ።

በመዳፏ ዳበሰችው። "ጠማማ ነው" አለች።
ቆይታም፣ "ግን አይፈታም" ብላ ሻንጣውን ከፈተች፤
ከፒጃማዎቹ ሥር የእኔ ካልሲ አለ፣ አንድ እግር ብቻ።
"ለአንተ ነው። በሩ ጋ ይበርዳል።" ሌላኛው እግር? "ጠፋብኝ" አለች።

ማዶ መብራት ታየ። "ጠማኝ" አለች። "እኔንም" አልኳት፣ "ከትናንት ጀምሮ።"
ዞራ አየችኝ፣ ግንባሯ እንደ ትልቅ ሰው ተቋጥሮ፤
"አንተንም ሊከፍቱህ ነው?"

መልስ ሳልሰጥ የመርከቡ መዝጊያ ሲጢጥ እያለ ወረደ፤
ሰዉ ጓዙን እያነሣ ወደ ዝናቡ ሄደ።